የአባያ ደሴተኞችና የታንኳቸው ንግድ

ደሴት ማለት ዙሪያውን በውኃ የተከበበ መሬት ማለት መሆኑን ማንኛውም ተማሪ በጂኦግራፊ መማሪያው የመጀመሪያ ገጾች ላይ ያገኘዋል። መጽሐፉ የማይነግረው ግን አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ደሴት ማለት ጨው ሲያልቅ፣ እህል ሲጎድል፣ ሰው ሲታመም፣ ልጅ ሲዳር ሁሉ ጀልባ የሚጠበቅበት አገር ማለት መሆኑ ነው። በየብስ የሚኖር ሰው ገበያው ቢርቅበት አህያውን ጭኖ ይነሣል፤ አህያ ቢያጣ በትከሻው ተሸክሞ ይሄዳል። የደሴት ሰው ግን ጀልባ ከሌለው፣ ዕቃው ምንም ያህል የከበረ ቢሆን፣ ከዳር ቆሞ ማዶውን ከማየት በቀር የሚያደርገው ነገር የለም። ስለዚህ የአንድን ደሴት ሀብት ለማወቅ የሚፈልግ ሰው «ምን ታመርታላችሁ?» ከማለቱ በፊት «ጀልባው የማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ወደ እውነቱ ቶሎ ይደርሳል።

ከአገር ወደ አገር ከሚመላለሰው የዓለም የንግድ ዕቃ በመጠን ከመቶው 80 እጅ የሚበልጠው በመርከብ የሚጓዝ ነው። ጃፓን የሚያስፈልጋትን ነዳጅ ዘይት ከሞላ ጎደል በሙሉ በመርከብ ታስመጣለች፤ አይስላንድ ዓሣዋን ባሕር አሻግራ ትሸጣለች፤ ሞሪሸስም በሕንድ ውቅያኖስ መካከል ተቀምጣ ስኳሯን ለአውሮፓ ስታቀርብ የኖረችው በመርከብ ነው። ስለነዚህ አገሮች በክፍል ውስጥ ሲነገር ተማሪው ጉዳዩ የሩቅ ባሕር ጉዳይ ይመስለዋል፤ እኛ የተራራ ሰዎች ነን፤ ደሴትና መርከብ እኛን ምን አግብቶን ይላል። የዛሬው ጽሑፋችን ይህን አሳብ ለመፈተን አንባቢውን ወደ አርባ ምንጭ ይዞ ይሄዳል።

ከአርባ ምንጭ ላይኛው ክፍል፣ ከሴቻ ጠርዝ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው ሁለት ሐይቆችን በአንድ ጊዜ ያያል። በስተግራው ያለው፣ ቀላ ብሎ እንደ ደፈረሰ ጠላ የሚታየው አባያ ነው፤ በስተቀኙ ያለው፣ ጠራ ያለው ደግሞ ጫሞ ነው። ሁለቱን የሚለየው ቀጭን ኮረብታማ መሬት የእግዜር ድልድይ ይባላል። በ1880ዎቹ መጨረሻ ወደዚያ የደረሰው ኢጣልያዊው አገር አሳሽ ቪቶሪዮ ቦቴጎ አባያን በንጉሡ በኡምቤርቶ ሚስት ስም ማርገሪታ ብሎ ሰይሞት ነበር፤ በአሮጌ ካርታዎችም ላይ ይኸው ስም ይገኛል። ንግሥቲቱ ሐይቁን አላየችውም፤ ሐይቁም ስሟን አላስቀረውም።

አባያ ርዝመቱ ወደ 60 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ ወደ 1,160 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚደርስ ሲሆን፣ እጅግ ጥልቅ ነው የሚባለው ቦታ 13 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በውስጡም አሩሮ፣ ጊዲቾ፣ ወለጌ፣ ገልማካና አልካሊ የሚባሉ ደሴቶች አሉ። ከነዚህ በትልቅነቱ የሚታወቀው አሩሮ ነው፤ በሰው ታሪክ ግን ስሙ የሚነሣው ጊዲቾ ነው።

በጊዲቾ ከጥንት ጀምሮ ሁለት ሕዝቦች አብረው ኖረዋል። አንደኞቹ ባይሶዎች ይባላሉ፤ እነዚህ መሬት የሚያርሱ፣ ከብት የሚያረቡና በሽመና የታወቁ ናቸው። ሁለተኞቹ ሃሮዎች ይባላሉ፤ እነዚህ ዓሣ የሚያጠምዱ፣ በቀድሞው ዘመን ጉማሬ የሚያድኑ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ታንኳ የሚሠሩና የሚቀዝፉ ናቸው። በጫሞም እንደዚሁ ጋንጁሌ የሚባሉ ደሴተኞች ነበሩ፤ እነዚያ ግን ደሴታቸውን ለቀው በሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ በሸሌ ሜላ ሰፍረዋል።

ስለነዚህ ሰዎች ጥንታዊ ንግድ የተጻፈ መዝገብ የለም፤ የጉምሩክ ሰነድም አልነበረም። ሰነድ ባይኖር ግን ቋንቋ አለ። የባይሶ ቋንቋ በዙሪያው ካሉት የጋሞና የወላይታ ቋንቋዎች ወገን አይደለም። ቅርብ ዘመዶቹ ሶማልኛና በሰሜን ኬንያ የሚነገረው ሬንዲሌ መሆናቸውን አሜሪካዊው ሊቅ ሃሮልድ ፍሌሚንግ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ባሳተመው ጥናት አሳይቷል። የሃሮዎች ቋንቋ ደግሞ ከሐይቁ ባሻገር በስተምሥራቅ በአማሮ ተራሮች ላይ ከሚኖሩት ከኮሬዎች ቋንቋ ጋር ይዛመዳል። እንግዲህ በአንዲት ጠባብ ደሴት ላይ ሁለት ቋንቋ፣ አንዱ ከቆላው ከብት አርቢ ሕዝብ ወገን፣ ሁለተኛው ከማዶው ተራራ ወገን ተገኘ ማለት ነው። የሁለቱም ባለቤቶች በውኃ ላይ እንጂ በሌላ መንገድ ወደዚያ አልደረሱም። በዚህ ላይ ባይሶዎች በቍጥር እጅግ ጥቂት ሆነው ሳለ ቋንቋቸውን ይህን ያህል ዘመን ይዘው መኖራቸው ውኃው እንደ ቅጥር ሆኖ እንደ ጠበቃቸው ያስረዳል። ይሁን እንጂ ቅጥሩ በር ነበረው። በሩም የሃሮዎች ታንኳ ነበር።

ታንኳው እንዴት ያለ ነው? በአባያና በጫሞ ዳር በረግረግ ላይ የሚበቅል፣ የውጭ አገር ሰዎች አምባች የሚሉት፣ ግንዱ ወፍራም ሆኖ ሲደርቅ ከቡሽ የሚቀልል እንጨት አለ። ይህ እንጨት ተቈርጦ ይደርቅና ግንዶቹ ጎን ለጎን ተደርገው ይታሰራሉ፤ ከፊት በኩል ያለው ጫፍ ወደ ላይ ቀና እንዲል ይደረጋል። ሚስማር አይገባበትም፤ ብረት አይነካውም። ነገር ግን ይህ ታንኳ እንደ መርከብ ውኃ የማያስገባ ዕቃ አይደለም፤ ውኃው በግንዶቹ መካከል ይገባል፤ ይወጣል። የሚንሳፈፈውም ቅርጹ ውኃን ስለሚከለክል ሳይሆን እንጨቱ ራሱ ቀላል ስለሆነ ነው። ከዚህም የተነሣ ብዙ ሰዓት ውኃ ላይ ከዋለ ይጠጣና ይከብዳል፤ ስለዚህ በየጊዜው ከውኃ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ግድ ነው።

ይህን የመሰለውን ዝርዝር ነገር የምናነሣው ለጨዋታ አይደለም። አንድ ማጓጓዣ ምን ሊጭን እንደሚችል ካልታወቀ የሚያገለግለው ንግድ ምን ዓይነት እንደሆነ አይታወቅም። ውኃ በሚያስገባ ታንኳ ላይ ጨው መጫን አደጋ ነው፤ እህልም ከፍ ብሎ ካልተቀመጠ ይበሰብሳል። ዓሣ ግን ቢረጥብ ምንም አይሆንም። በጥንቃቄ የተጠቀለለ ሸማ ክብደቱ ትንሽ፣ ዋጋው ትልቅ ነው። የጉማሬ ቆዳ ደግሞ ለጋሻና ለአለንጋ በየገበያው የሚፈለግ ዕቃ ነበር። እንግዲህ ደሴተኛው ሸማኔ፣ ዓሣ አጥማጅና ጉማሬ አዳኝ መሆኑ በአጋጣሚ ብቻ የሆነ አይመስለንም፤ የሚያመርተው ታንኳው የሚሸከምለትን ነው። ከየብስ የሚያስመጣው እህልና ጨው ግን ለታንኳው የሚከብደው ዓይነት ነው። የደሴት ኑሮ ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ የሚወጣው ጭነት ቀሊል፣ የሚገባው ጭነት ከባድ ይሆናል።

በታላላቆቹ ባሕሮችም ቢሆን ነገሩ ይኸው ነው። አንድ መርከብ ወደ አንዲት ትንሽ ደሴት ስንዴ፣ ሲሚንቶና ነዳጅ ሞልቶ ይሄዳል፤ ሲመለስ የሚጭነው ካጣ ግን ባዶውን ይመለሳል። ባለ መርከቡ የመመለሻውን ወጪ ከኪሱ አይከፍልም፤ በመሄጃው ጭነት ዋጋ ላይ ይጨምረዋል። ስለዚህ በትንሽ ደሴት ያለች እናት ለአንድ ኪሎ ዱቄት ስትከፍል የምትከፍለው ለዱቄቱና ለማምጫው ብቻ ሳይሆን ባዶ ለሚመለሰውም መርከብ ጭምር ነው።

የሆነው ሆኖ ውኃ ከየብስ የረከሰ መንገድ መሆኑ ከጥንት የታወቀ ነው። የምጣኔ ሀብት ትምህርት አባት የሚባለው አዳም ስሚዝ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1776 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ይህን በቍጥር አስረድቷል። ሁለት ሰዎች የሚነዱት፣ 8 ፈረሶች የሚስቡት ጋሪ ከለንደን ኤዲንበርግ ደርሶ ለመመለስ 6 ሳምንት ያህል ሲፈጅ የሚጭነው ወደ 4 ቶን ነው። በዚያው ጊዜ ውስጥ 6 ወይም 8 መርከበኞች ያሏት አንዲት መርከብ 200 ቶን አድርሳ ትመለሳለች። ያን 200 ቶን በየብስ ለማመላለስ 50 ጋሪ፣ 100 ሰውና 400 ፈረስ ያስፈልጋል ማለት ነው። የስሚዝ መርከብ ግን ውኃ የማታስገባ ናት፤ የአምባቹ ታንኳ ይህን ሊያደርግ አይችልም። ሐይቁ ሰፊ መንገድ ሆኖ ሳለ በላዩ የሚሄደው ማጓጓዣ የአንድ ሰው ሸክም ያህል ብቻ ከያዘ የመንገዱ ርካሽነት ለማንም አይተርፍም።

ታንኳው ለምን አላደገም? ለዚህ ብዙ ምክንያት ሊሰጥ ይችላል፤ የሳንቃ እንጨት እጥረት፣ የመሣሪያ እጥረት፣ የገበያው ማነስ። እኛ ግን አንዱን ምክንያት ሳንጠቅስ ማለፍ አንወድም። ታንኳውን የሚሠሩትና የሚቀዝፉት ሃሮዎች በደሴቲቱ ላይ ከባይሶዎች ያነሱ ተደርገው ይቈጠሩ ነበር። ደሴት ሆኖ ያለ ታንኳ የማይኖር ሕዝብ ታንኳ ሠሪውን ይንቅ ነበር ማለት ነው! ይህ ግን የጊዲቾ ብቻ ነውር አይደለም። በጣና ሐይቅ የደንገል ታንኳ ሲሠሩ የኖሩት ወይጦዎች ጉማሬ በመብላታቸው ተንቀው ኖረዋል፤ ነገር ግን ባለ ርስቱም መነኩሴውም ሐይቁን የሚሻገረው እነሱ በሠሩት ታንኳ ነበር። በመላው አገራችንም ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን በሥራቸው መስደብ የተለመደ ስለነበር ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ይህን የሚነቅፍ አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። የተናቀ ሥራ የሚይዝ ሰው ሥራውን ለማሻሻል ገንዘብ የሚያበድረው አያገኝም፤ ልጁም ከሥራው ለመሸሽ ይፈልጋል። በእንግሊዝ አገር ወይም በኖርዌይ መርከብ ሠሪና መርከበኛ በአገሩ የተከበረ ሰው ሆኖ ሲኖር በእኛ ሐይቆች ላይ የሆነው ግን ይህ ነው።

ከዚህ በኋላ መንገድ መጣ። በ1950ዎቹ ዓመታት የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማነት ከደጋው ከጨንቻ ወደ ቆላው ወደ አርባ ምንጭ ሲዛወር የአገሩ ኑሮ ፊቱን ወደ ሐይቁ ዳር አዞረ። ከሻሸመኔ በሶዶ አድርጎ የሚመጣው የመኪና መንገድ የአባያን ምዕራባዊ ዳርቻ ተከትሎ አርባ ምንጭ ይገባል፤ በዚያው ዳርቻ ዋጅፎና ብርብር አሉ። ሐይቁን ለማሻገር ታንኳ የሚጠብቅ ጭነት ከእንግዲህ በመኪና ዙሮ መሄድ ይችላል። ለየብሱ ሰው ይህ ትልቅ በረከት ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ለደሴቱ ግን ትርጕሙ ሌላ ነው። ትምህርት ቤቱ፣ ሐኪም ቤቱ፣ ገበያው ሁሉ በመኪናው መንገድ ላይ ሲሰለፍ ደሴቱ የመንገድ መካከል መሆኑ ቀርቶ የመንገድ ዳር ሆነ። ዛሬ ብዙዎቹ ባይሶዎች በሐይቁ ምዕራብ ዳርቻ፣ በምዕራብ አባያ አቅራቢያ በአልጌና በሌሎችም መንደሮች ይኖራሉ። በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች የነበሩት ዛዮችም በተመሳሳይ ሁኔታ ወደ ዝዋይና ወደ መቂ አካባቢ መውረዳቸው ይታወቃል።

ይህ ዓይነቱ ነገር በታላላቅ ባሕሮችም ላይ ደርሷል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1869 የስዌዝ ቦይ እስኪከፈት ድረስ ከአውሮፓ ወደ ሕንድ የሚሄዱ መርከቦች አፍሪካን በደቡብ ዙረው ሲያልፉ ብዙዎቹ በሞሪሸስ ወደብ በፖርት ሉዊስ ይቆሙ ነበር። ቦዩ ሲከፈት መርከቦቹ በሰሜን በኩል ማለፍ ጀመሩ። ደሴቲቱ ከቦታዋ ፈቀቅ አላለችም፤ አገዳዋም እንደ በፊቱ ያፈራ ነበር፤ ነገር ግን መንገዱ ከእርስዋ ራቀ። ሞሪሸስ ከዚያ በኋላ በስኳር ብቻ ተንጠልጥላ ብዙ ዘመን ቆየች። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ነጻነቷን ካገኘች በኋላ ግን ለውጭ ገበያ የሚያመርቱ የልብስ ፋብሪካዎችን ተክላ፣ ወደቧንም አሻሽላ ኑሮዋን ለወጠች። ልብስ ክብደቱ ትንሽ፣ ዋጋው ትልቅ መሆኑን ልብ ይሏል፤ የጊዲቾ ሸማኔም በራሱ መንገድ ይህን ዐውቆት ነበር።

በአገራችን በውኃ የሚሄድ እውነተኛ የመርከብ ንግድ የነበረው በጋምቤላ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት ውል በባሮ ወንዝ ላይ በኢታንግ አቅራቢያ፣ የወንዝ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሔክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ እንዲሆን ተፈቀደ። ከዚያ በኋላ በክረምት ባሮ ሲሞላ የሱዳን መንግሥት የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም እየተነሡ ጋምቤላ ይደርሱ ነበር። ከጎሬና ከሳዮ በኩል ቡና በበቅሎና በሰው ሸክም ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ በመርከቡ ደግሞ ጨውና የፋብሪካ ጨርቅ ይመጣል። ወንዙ ሲጎድል መርከቡ ይቀራል፤ ቡናውም መጋዘን ውስጥ የሚቀጥለውን ክረምት ይጠብቃል። ቡናው የእኛ ነበር፤ መርከቡ ግን የሌላ ነበር፤ የጭነቱንም ዋጋ የሚቈርጠው ባለ መርከቡ ነበር። ሱዳን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1956 ነጻነቷን ስታገኝ ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ፤ መርከቡ ግን አብሮ አልተመለሰም።

በ1956 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ድርጅት ሲቋቋም አሳቡ ይኸው ነበር፤ ቡናችንን የሌላ ሰው መርከብ ብቻ እንዳይጠብቅ። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የራሷ ወደብ ባይኖራትም የመርከብ ሥራዋን አልተወችም፤ እንዲያውም ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በቻይና ያሠራቻቸውን 9 መርከቦች ተረከበች። ከነዚህ አንዷ «ጋምቤላ» ተብላለች። የእንፋሎት መርከብ ከቀረበት ከተማ ስሙ ብቻ ውቅያኖስ ወጣ እንበል ይሆን? ስሙን ያወጣው ሰው ይህን አስቦት እንደሆነ አናውቅም፤ ነገር ግን መልካም ስም ነው።

አሁን ወደ አርባ ምንጭ እንመለስ። ዛሬ የጋሞ ዞን ዋና ጭነት ሙዝ ነው። በአርባ ምንጭ ዙሪያና በምዕራብ አባያ የሚለማው ሙዝ በአዲስ አበባ የፍራፍሬ መደብሮች ሁሉ ስሙ የታወቀ ነው። ሙዝ ግን ከተቈረጠ በኋላ ገበሬውን አይጠብቅም፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ገበያ ካልደረሰ ይበላሻል። ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ የሚያስኬደው የጭነት መኪና ነው፤ መኪናው የገበሬው አይደለም። ባለ መኪናው ወይም ደላላው መጥቶ ዋጋ ሲጠራ ገበሬው «አልሸጥም» ለማለት የሚችለው ሌላ መኪና እንደሚመጣ ሲያውቅ ብቻ ነው። ዙሪያው የብስ ሆኖ ሳለ ይህ ገበሬ የደሴት ሰው ሆኗል ብንል ስሕተት አይሆንም። የኅብረት ሥራ ማኅበራት በዚህ አገር የሚጠቅሙት ሙዙን በአንድነት በመሸጥ ብቻ ሳይሆን ማጓጓዣውን በአንድነት ለመከራየት ወይም ለመግዛት ሲችሉ ነው። የጨንቻ ፖምም፣ በሽሮ ሜዳ የሚሸጠው የዶርዜ ሸማም ያው ጥያቄ አለበት፤ ሸማው ግን ቀላል ስለሆነና ስለማይበላሽ ሸማኔው ራሱ ተሸክሞት ለመጓዝ ይችላል። ዶርዜዎች አዲስ አበባ ድረስ ሄደው የገዛ ገበያቸውን ለማቆም የቻሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለናል።

ሐይቁስ? የዓሣው ነገር እንዳለ ነው፤ ቆሮሶው፣ አምባዛው፣ በተለይም የጫሞ ነጭ ዓሣ በአዲስ አበባ ምግብ ቤቶች ይፈለጋል። ነገር ግን መረቡ በዝቶ ነጭ ዓሣው ከቀድሞው እጅግ ቀንሷል። የጫሞ ሞተር ጀልባዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጭኑት እንግዳ ነው፤ እንግዳውም የሚሄደው አዞና ጉማሬ ለማየት ወደ «አዞ ገበያ» ነው። ስሙ ገበያ ይባል እንጂ በዚያ የሚወሰደው ፎቶግራፍ ብቻ ነው። አዞው የሻጭነት ድርሻውን ቢጠይቅ ግን ፍርድ ቤት የሚያሸንፍ ይመስለናል።

አባያ ላይ ያለው አደጋ ከዚህ የከፋ ነው። የውኃው ቀይነት ለዓይን የሚያምር ቢሆንም አፈር ነው፤ ብላቴ፣ ጊዳቦ፣ ገላና፣ ሐሬና ሌሎችም ወንዞች ከደጋው እያጠቡ የሚያመጡት የገበሬ ማሳ ነው። ወንዞቹ በሚገቡበት አፍ ደለሉ እየተከመረ ውኃው ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ትናንት ጀልባ የሚቆምበት ቦታ ዛሬ ጭቃ ይሆናል። ጥልቀቱ በመሠረቱ 13 ሜትር ብቻ ለሆነ ሐይቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጋሞዎች በተራሮቻቸው ላይ የሚሠሩት የድንጋይ እርከን እንግዲህ እርሻ ብቻ አይጠብቅም፤ የታንኳውንም ወደብ ይጠብቃል።

አንዳንድ ወጣት ሹም «ለጥቂት ደሴተኞች ብሎ ጀልባ መግዛት ምን ትርፍ አለው?» ሊል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን መልሱ በግምት የሚሰጥ አይደለም። በአንድ በኩል ሰው ጥቂት ከሆነ ጀልባው ባዶውን ይመላለሳል፤ ወጪውን አይመልስም። በሌላ በኩል ምጥ የያዛት ሴት ነፋስ እስኪያልፍ በደሴት ዳር የምትጠብቅ ከሆነ ያ ወጪ በየትኛው መዝገብ ይጻፋል? ደግሞም የአባያ ዳርቻ በአንድ አስተዳደር ሥር ያለ አይደለም፤ ከምዕራብ የጋሞና የወላይታ፣ ከምሥራቅ የጉጂ አገር ይነካዋል። ሐይቁን የሚያሻግር ጀልባ ከአንድ ክልል ተነሥቶ በሌላ ክልል ስለሚያርፍ ብቻውን ደፍሮ በጀት የሚይዝለት መሥሪያ ቤት ማግኘት ያስቸግራል። ለመኪና መንገድ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ ይጠየቃል፤ ለውኃ መንገድ ግን ጥያቄው ለማን እንደሚጻፍ እንኳ ብዙ ሰው አያውቅም።

በአርባ ምንጭ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1986 የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ተቋቁሞ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነ ትምህርት ቤት አለ። ተማሪዎቹ የወንዝ ፍሰትና የሐይቅ ጥልቀት ይለካሉ፤ መልካም ነው። ከነሱ መካከል አሥር የሚሆኑ ተማሪዎች ለአንድ ሳምንት በአባያ የጀልባ ማቆሚያዎች ተቀምጠው ቢቈጥሩ ግን ማንም ያልሠራው ሥራ ይሆናል። ስንት ታንኳ ወጣ፤ ስንት ገባ፤ ምን ጭኖ ሄደ፤ ምን ጭኖ ተመለሰ፤ ባዶውን የተመለሰው ስንት ነው፤ ለአንድ ኩንታል ማሻገሪያ ምን ተከፈለ፤ ታንኳው የተሳፋሪው ነው ወይስ የኪራይ ነው? ለዚህ እርሳስና ደብተር ይበቃል። ቈጠራውን ግን ገና ጎሕ ሲቀድ መጀመር ያስፈልጋል፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሣ በሐይቁ ላይ የሚቈጠር ነገር አይገኝም፤ ታንኳው ሁሉ ከውኃ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል።